ያልተከለሰው ወጥ

በደብረ ብርሃን የምግብ ልኬት ጽሕፈት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰው የሚሰለፈው ለሁለት ጉዳይ ነው፤ አንድም የመጣለት ምግብ አልስማማው ብሎ ሊከስ፣ አንድም ምድጃ የሚለኮስበትን ፈቃድ፣ እሳት የሚሉትን፣ ሊለምን። ከሳሾቹ ብዙ ናቸው፤ ወንበርም አላቸው። እሳት ለማኞቹ በወር ሦስት አራት ቢሆኑ ነው። እነሱም አብዛኞቹ ሙሽሮችን ምድጃ ዳር ፎቶ ማንሳት የሚፈልጉ የሠርግ አዘጋጆች ስለሆኑ ቆመው ይጠብቃሉ። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ከነሱ መሐል አንዲት የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ቆማለች። ስሟ ሶልያና ነው። እሷ ስትወለድ ሶልያና የሕፃን ስም ነበር፤ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሶልያና ይቀመጡ ነበር። አሁን «እማማ ሶልያና» ሲባል የሚስቅ የለም።

ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትቀርብ ሩሐማ የምትባል የሠላሳ ዓመት ገደማ ሠራተኛ ፎርሙን ተቀበለቻት።

«እማማ፣ ‹ምክንያት› በሚለው ቦታ ‹ባሌ አልበላ አለ› ብለው ጽፈዋል።»

«አዎ ልጄ።»

«ይሄ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሠርግ፣ ፊልም፣ ጥናትና ሙዚየም ብቻ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ሙዚየም በይው። እኔም እሱም ከዚያ አንርቅም።»

ሩሐማ ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ ስሙን ደግማ አነበበችና ቀና ብላ አየቻት።

«ቆይ... እርስዎ የክዳኑ ሶልያና ነዎት?»

«የክዳኑ ነኝ» አለች ሶልያና።

በአገሩ ያንን ፊት የማያውቅ የለም። ጠዋት ሰው ፊቱን ታጥቦ ጓዳውን ይከፍታል፤ ጓዳ የሚሉት ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን፣ የምግብ ድርጅቱ የሚሞላውን ሳጥን ነው። ሳህኑ ሞቆ ይጠብቀዋል። ክዳኑ ላይ የአርባ አንድ ዓመቷ ሶልያና ነጭ ሻሽ አስራ ፈገግ ብላለች፣ ከሥሯ «ከእጄ ብሉ» የሚል ተጽፏል። ክዳኑ ይነሳል፣ ይጣላል። ማታም እንዲሁ። ቤቶች ያለ ማዕድ ቤት መሠራት ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የዛሬ ልጅ ምድጃ ቢያይ ምን እንደሚጣድበት አያውቅም። በሬንም የሚያውቀው በሥዕል ነው። ግጦሹ ካለቀና የከብት ውሃ ከተከለከለ ወዲህ በደጋው ላሟም በጉም የለም፤ የሚበላው ሁሉ ከምድር የሚበቅል ነው።

ፍስክ ሲጠፋ ጾሙም ግራ ገብቶት ነበር። ሁሉ ነገር የጾም ከሆነ ምኑ ይጾማል? በኋላ ሰው በራሱ ጊዜ መላ መታ። ሁዳዴ ሲገባ የጓዳውን የጣዕም ማብሪያ ያጠፋል። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ወጡም፣ እንጀራውም፣ ፓስታውም አንድ ዓይነት የራሰ ወረቀት ይሆናል። በፋሲካ ማለዳ ማብሪያው ሲበራ ከየፎቁ እልልታ ይሰማል። ሶልያና የድሮ ሰው ናትና ሁለቱንም ትይዛለች፤ ማብሪያዋንም ታጠፋለች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አትቀምስም።

አልበላም ያለው ባሏ ያፌት ነው። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጠባሴ በሚገኘው የአረጋውያን ማረፊያ ተኝቷል። ልቡ ደክሟል፣ ሐሳቡም ይመጣል ይሄዳል። ከዘጠኝ ቀን በፊት ሳህኑን ወደ ጎን ገፋና «ሶል አብስላ ካላመጣችልኝ አልበላም» አለ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። ሶልያና ከቤቷ ጓዳ የራሷን ምስር ወጥ፣ ጣዕሙን አብርታ፣ ይዛለት ሄደች። ክዳኑን አየና «ይሄማ የድርጅቱ ነው። እኔ ያልኩት ያንቺን ነው፣ በድስት» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ወዲህ ከውሃና ከሁለት ማንኪያ አጥሚት በቀር በአፉ የዞረ ነገር የለም። ሐኪሙ «በዚህ ከቀጠለ ሆሳዕናን አያይም» ብሏል። ሆሳዕና ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

«አንድ ድስት» አለች ሶልያና። «አንድ ቀን። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም።»

ሩሐማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ ፈተና አለ። በእጅ የተሠራ ምግብ ከደረጃው ከዐሥር በመቶ በላይ ከራቀ ለጤና ተብሎ አይፈቀድም።»

«ደረጃው ማነው?»

ልጅቷ ትንሽ አፈረች። «የምስር ወጥ ደረጃ... እርስዎ ነዎት።»

«በይ እንግዲህ! ከራሴ ምን ያህል እርቃለሁ ብለሽ ነው?» አለች ሶልያና፤ ከዘጠኝ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ቀለል አላት። ፈተናው ለሐሙስ ተቀጠረላት።

ይህች ሴት እንዴት ክዳን ላይ እንደወጣች ቢነገር አጭር ነው። በሁለት ሺህ ሠላሳ ስድስት፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ከያፌት ጋር ሆና ስድስት ጠረጴዛ ያላት የጾም ምግብ ቤት ከፈተች። በዓመት ሁለት መቶ ምናምን ቀን በሚጾምበት አገር የጾም ቤት መክፈት ሞኝነት አልነበረም፤ ሞኝነቱ ለገናም ለፋሲካም ከጾም ሌላ አልሠራም ማለቷ ነው። ሰው ሳቀባት። «ለበዓል ምስር የሚበላ ማነው፣ የተረገመ ካልሆነ!» አሉ። እሷ ታበስላለች፣ ያፌት ያስተናግዳል። ያፌት ሲያስተናግድ ዝም ብሎ አልነበረም፤ እንግዳውን በግድ ያጎርሳል፣ የቀረ ሳህን ካየ «ምነው፣ ምን በደልንዎት?» ይላል። የሽምብራ ዓሣዋ፣ የእንጉዳይ ጥብሷ፣ ከአኩሪ አተር የምታወጣው አይብ እየታወቀ ሄደ፤ ከሁሉም በላይ ግን ምስር ወጧ። በአምስት ዓመት ሰባት ቅርንጫፍ፣ በዐሥር ዓመት ፋብሪካ። ሥጋ እየራቀ ሲሄድ የሳቁባት ሁሉ መጥተው ደጇ ላይ ተሰለፉ።

የአሠራሯ ነገር ደግሞ ለብቻው ወሬ ነበር። በጾም ቀን ጨው ለመቅመስ እንኳ ምላሷን አታስነካም። ቁሌቱን በድምፁ ታውቀዋለች፣ በርበሬውን በሽታው፣ ምስሩን በአፈላሉ። ወጡን ግን ሳትቀምስ አትጨርሰውም። ድስቱ ዳር ላይ ይቆያል፤ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንዴ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትልስና ጨዉን ታስተካክላለች። ከዚያ መከለሻውን ታመጣለች፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቁንዶ በርበሬና ትንሽ ቅርንፉድ አመስ አመስ አድርጋ የወቀጠችውን። ትበትንበታለች፣ ትከድነዋለች፣ ታወርደዋለች። ያፌት በሩ ላይ ቆሞ ያሸትና «አሁን ነፍስ ዘራ!» ይላል። ያን ጊዜ ነው ሳህን የሚወጣው። ዐሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ሠሩ።

በሁለት ሺህ ሃምሳ አንድ ድርጅቱ መጣ፤ ፋብሪካውንም፣ ቅርንጫፎቹንም፣ አሠራሯንም ጠቀለለ። ውሉ ውስጥ «ሻጭ ከእንግዲህ ለሠላሳ ዓመት በዝርዝሩ ያሉትን ምግቦች ለሽያጭም ሆነ ለግል አታበስልም» የሚል አንቀጽ ነበር። አነበበችው። «ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ድሃው ሁሉ ከእርስዎ ማዕድ ይበላል» አሏት፤ እሷም አመነች። በዚህ ላይ ዋሽተዋል ማለት አይቻልም፤ ሁሉም በልቷል።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ መፈተኛው ክፍል አስገቧት። በነጭ ጠረጴዛ ላይ አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ሙቀጫ፣ የጠየቀቻቸው ቅመሞች በታሸገ ከረጢት። ሶልያና የመጀመሪያውን ሽንኩርት ወፍራም ወፍራም አድርጋ ከተፈችው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቢላ አልጨበጠችም። ሁለተኛው ሽንኩርት ላይ ግን ጣቶቿ ራሳቸው ያውቁት ጀመር። ቁሌቱ ሲንጫጫ ጆሮዋን ዘንበል አደረገች። በርበሬው ሲገባ ሩሐማ ሦስት ጊዜ አስነጠሳት።

«ይማርሽ» አለቻት ሶልያና። «በርበሬ እንዲህ ነው፣ ሰላምታ ይሰጣል።»

ሳትቀምስ ሠራችው፤ ሰዓቱ ገና ነበር። ጨዉን በዓይኗ ለካች። ሽታው ሽቅብ ሲመጣላት መከለሻውን በተነችና ከደነች። ከዚያ ያፌት በር ላይ ቆሞ ይል የነበረውን ለራሷ በሹክሹክታ አለችው። ደስታዋ በፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ሩሐማ መለኪያውን ድስቱ ውስጥ ነከረች። ጠበቀች። እንደገና ነከረች።

«እማማ... ስልሳ አራት ነው።»

«ከስንት?»

«ከመቶ። ወድቀዋል።»

ሶልያና ሳቋ አመለጣት። «ማሽኑ ታሟል ልጄ። ያ ወጥ የኔ ነው። ሶልያና እኔ ነኝ።»

«እኔማ አውቃለሁ። መለኪያው ነው የማያውቅዎት። ጨዉ በዝቷል ይላል። ደግሞ ደረጃው ውስጥ የሌሉ አራት ነገሮች ገብተውበታል።» ሰሌዳውን አዞረችላት። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ።

ሶልያና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል የለ፤ እሷ ደግሞ በገዛ ወጧ ወደቀች። መጀመሪያ የመጣላት ንዴት ነበር። ከንዴቱ ቀጥሎ አንድ ሸሚዝ ትዝ አላት፣ ደረቱ በወተት የራሰ።

የሚልኪ ሸሚዝ ነው። ሚልኪ የቀረጻው ኃላፊ ነበረች፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ድርጅቱ የሶልያናን አሠራር ሲቀርጽ ጓንቱንና መለኪያውን የያዘችው መሐንዲስ። ቀረጻው የዋለው ሁዳዴ ውስጥ ነበር። ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሶልያና ስስ ጓንት አጥልቃ አበሰለች፤ የምስር ወጡ ተራ የደረሰው በመጨረሻው ቀን ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሚልኪ መስኮቱን ደጋግማ ታይ ጀመር። የሠራተኞች ሰርቪስ ስምንት ከአርባ ላይ ይነሳል፣ ቤቷ የሦስት ወር ሕፃን አለ።

«እትዬ ሶልያና፣ ደርሷል አይደል? ልንዘጋው እንችላለን?»

አልደረሰም። አልተቀመሰም፣ ጨዉ አልተስተካከለም፣ አልተከለሰም። ሶልያና አፏን ከፈተች። ከዚያ የልጅቷን ደረት አየች። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ጠብቁኝ ብትል ልጅቷን ከሰርቪስ ማስቀረቷ ነው። ደግሞስ «እኔ ጾመኛ ነኝ» ብሎ በሰው ፊት መናገር መመጻደቅ አይሆንም? እንዴት ተብሎ!

«ግዴለም ልጄ፣ ይበቃል። ሂጂ ልጅሽ ጋ» አለች።

ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ለአንድ ሕፃን ጡት ሲባል የአንድ አገር ወጥ ጎደለ። መለኪያው ተዘጋ፣ ያልተከለሰው ወጥ ደረጃ ሆነ። በምረቃው ቀን በተጋባዦች ፊት የመጀመሪያውን ክዳን ከፍታ ስትቀምስ መከለሻው እንደሌለበት አወቀች። ካሜራው ፊቷ ላይ ነበር። «እንዴት ነው?» አሏት፤ «ይጣፍጣል» አለች፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ቤት ሲገቡ ያፌት አንዴ ጎረሰና እጁን አቆመ።

«ሶል፣ ይሄ ነገር አልተከለሰም እንዴ?»

«ዝም ብለህ ብላ!» አለችው ተቆጥታ።

እሱም በላ። ሠላሳ አንድ ዓመት በላ፣ ዳግመኛ አልጠየቃትም። እሷም ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ ስትል ዓመቱ አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ጉድለቱን ረሳችው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሏት እሷ ነች፤ ብቻ ይህንን ለራሷ እንኳ ነግራ አታውቅም።

«ሁለተኛ ሙከራ ዛሬውኑ ይፈቀዳል» አለች ሩሐማ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ። «ሦስተኛ ግን የለም።»

«ሆን ብዬ አጉድዬ ልሥራው?»

«ማጉደል አይባልም እማማ። ማስተካከል ነው የሚባለው።»

ሶልያና ተነሳች። ሽንኩርቱን እንደገና ከተፈች። ጨዉን ቀነሰች፣ ቅመሙን በከረጢቱ እንዳለ ተወችው። ምስሩ ሲፈላ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሩሐማ በርበሬው መስሏት ማራገቢያውን አበራችላት። ሶልያና ስድስት ጠረጴዛዋን ስትከፍት ተስቆባታል፣ ሰባቱን ቅርንጫፎች ስታስረክብ አልቅሳለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ተዋርዳ አታውቅም።

መለኪያው ዘጠና ዘጠኝ አለ።

ሩሐማ ፈቃዱን አተመች፤ ለአርብ፣ ለአንድ ድስት፣ በማረፊያው ግቢ። ዕቃውን ስታስረክባት አራቱን የቅመም ከረጢቶች ከሥር አስገባችላት። «እነዚህ ተመላሽ ነበሩ» አለች ወደ ሌላ እያየች። «አላየሁም።»

«ተባረኪ ልጄ። ቅድም የጣልሽብኝን ወጥ ቀመስሽው?»

«እውነቱን ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«አፌን አቃጠለኝ። ጉሮሮዬ ላይ መድኃኒት መድኃኒት አለኝ። እኔ የለመድኩት ሌላ ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የበላሁት። ግን ሲሠሩት ደስ ብሎዎት ነበር። እሱን አይቻለሁ።»

ሶልያና ነገሩን ልብ አላለችውም። ያፌት ሌላ ነው አለች በሆዷ። ያፌት ክዳኑን አይቶ ፊቱን ያዞረ ሰው ነው፤ ምላሱ አልተሸጠም።

አርብ ዕለት በማረፊያው ግቢ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጥግ፣ ከሰል አቀጣጠሉላት። አንድ ጥበቃ የእሳት ማጥፊያ ታቅፎ አጠገቧ ቆመ። የያፌትን ፎቅ የምትይዘው ነርስ፣ ሲስተር ሃሴት፣ በየመሐሉ ወርዳ ታያታለች።

«እማማ፣ ዛሬ ውሃም እምቢ ብሏል። ቶሎ ይበሉ።»

«ደርሷል ልጄ፣ ደርሷል። ሰዓት ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ሊሆን አምስት ደቂቃ።»

አምስቱን ደቂቃ ጠበቀች። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልጠበቀችውን። ዘጠኝ ሲሞላ አማተበችና በመዳፏ ጠብ አድርጋ ላሰች። ምላሷን አቃጠላት፤ ጣዕም ካጠፋች አርባ ቀኗ ስለሆነ ነው ብላ ተወችው። ጨዉን ጨመረች። መከለሻውን በጣቶቿ እያሸች በተነችበትና ከደነች። ሽታው በግቢው ሲዳረስ ከሁለተኛው ፎቅ አንድ ሰው ሳለ፣ ሌላው «ኧረ መስኮቱን ዝጉልን!» ብሎ ጮኸ። አንድ በአንድ መስኮቶቹ ተዘጉ። ሶልያና ድስቱን በጨርቅ ይዛ ደረጃውን ወጣች።

ያፌት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ ከመክሳቱ የተነሳ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ድስቱን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ድስት!» አለ። «አላልኳችሁም? ትመጣለች አላልኳችሁም?»

«መጣሁ። በል አፍህን ክፈት።»

ትንሽዬ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችው። አላመጠ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ሶልያና መንጋጋውን ታያለች። ማላመጡን አቆመ። እንደ ጨዋ ሰው መሐረብ ፈለገና በቀስታ ተፋው።

«የማን ነው ይሄ?»

«የኔ ነው። በገዛ እጄ፣ እታች፣ አሁን።»

«አታታልዪኝ ሶል። ያንቺን ወጥ እኔ አላውቀውም? ስንት ዓመት የበላሁትን?» ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ የሌላ ሰው ነው። ያቃጥላል። ሽታውም አንድ ነገር አለው፣ የመድኃኒት ቤት ዓይነት።»

«መከለሻው ነው ያፌቴ! አሁን ነፍስ ዘራ ትል የነበረው! በር ላይ ቆመህ፤ ስድስቷ ጠረጴዛ፤ እንግዳ በግድ ስታጎርስ፤ ትዝ አይልህም? አልተከለሰም እንዴ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ያፌት አያት። ሐሳቡ ሲሄድ ታውቀዋለች፤ ፊቱ ላይ ያለው ወዳጅነት ቀስ እያለ ይለቅና ትሕትና ብቻ ይቀራል። አሁንም እንደዚያ ሆነ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ» አለ፣ ለማያውቋት ሴት በሚናገሩበት ድምፅ። «ተቸግረው ነው የመጡት። እኔ ግን ባለቤቴን ነው የምጠብቀው። እስዋ ካልመጣች አልበላም። ካገኟት ይጥሩልኝ።»

ሲስተር ሃሴት በር ላይ ቆማ ነበር። ሶልያና ድስቱን ከደነችና ይዛ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ለረጅም ጊዜ አልቆመችም፤ ጊዜ አልነበራትም። «ጓዳችሁ የት ነው?» አለች። ሲስተር ሃሴት ወደ ግድግዳው ጠቆመቻት። ሶልያና ድስቱን ወደ ማጠቢያው ወስዳ የሠራችውን ወጥ ደፋችው። ቀዩ ዘይት ነጩ ገንዳ ላይ ተጣብቆ እምቢ አለ፤ በሙቅ ውሃ አስለቀቀችው። ድስቱን አጠበች፣ አደረቀች። ከዚያ ጓዳውን ከፍታ ምስር ወጥ አዘዘች፤ ሁዳዴ ነውና ጠፍቶ የነበረውን የጣዕም ማብሪያ በገዛ ጣቷ አበራች።

ሳህኑ መጣ። ክዳኑ ላይ የአርባ አንድ ዓመቷ ሴት ፈገግ ብላለች። ሶልያና ክዳኑን በፊቱ ደፍታ ጣለችው፤ ወጡን ወደ ድስቱ ገለበጠች። በእንጨት ማንኪያ አማሰለችው፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ አዝረከረከች፣ የተበሰለበት እንዲመስል።

«እማማ...» አለች ሲስተር ሃሴት።

«ተዪኝ ልጄ። ይብላልኝ ብቻ።»

ተመልሳ ገባች። ያፌት ዓይኑን ጨፍኗል። ጉርሻውን ከንፈሩ ላይ ስታደርስለት ሳይከፍተው ተቀበለ። አላመጠ። አላመጠ። ዋጠ። ዓይኑን ከፈተ፣ ከዓይኑ ጋር ፊቱም ተመለሰ።

«እሰይ!» አለ። «ሶልዬ፣ መጣሽ?»

«መጣሁ።»

«የት ቆየሽ? ቅድም አንዲት ሴትዮ መጥታ ‹የሶልያና ነው› ብላ የሌላ ሰው ወጥ ልታበላኝ ነበር። አላሳዘነችኝም አልልሽም። ግን እኔን በምስር ወጥ ያታልሉኛል?»

«ሄዳለች» አለች ሶልያና። «ተዋት። ብላ አንተ።»

በላ። ጉርሻ በጉርሻ፣ ድስቱ እስኪጠረግ በላ። ሲስተር ሃሴት ደስታው ከብዷት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ለሐኪሙ ልትነግረው ሮጠች። ከሆሳዕናም አልፎ ፋሲካን ሊያይ ነው። ሶልያናም ሰዓቱን በልቧ ያዘች፤ ነገ በዚሁ ሰዓት፣ ከነገ ወዲያም፣ ድስቱን ይዛ መምጣት አለባት። ለዚህኛው ወጥ ደግሞ እሳትም ፈቃድም አያስፈልግም።

«እጅሽን ይባርከው» አለ ያፌት፣ ጠግቦ። «አንቺ እኮ አልተለወጥሽም። ሰው ሁሉ ሲለወጥ አንቺ ያው ነሽ።»

ቀኝ እጇን አንስቶ ሊስም ወደ አፉ አቀረበ። መሐል ላይ አቆመ። ጣቶቿን አሸተተ፣ እንደገና አሸተተ፣ ፊቱ ተኮሳተረ።

«እጅሽ ምን ይሸታል?»

ኮረሪማ ነበር።

«ምንም አይደል» አለች።

«ቅድም እንደመጣችው ሴትዮ ይሸታል። ሂጂ ታጠቢው።»

ሶልያና ተነስታ ወደ መታጠቢያው ሄደች። ውሃውን ከፈተች፣ በሳሙና ሁለቴ ታጠበች፤ በጥፍሯ ሥር የቀረውንም ፈልፍላ አወጣች። ተመልሳ እጇን ዘረጋችለት። ያፌት አሸተተና ምንም ስላጣበት ደስ አለው።

«አሁን ያንቺ ሆነ» አለና ሳማት።